ነጩን ጣይው

የመጀመሪያ ቀን ቢላዋ ሲሰጠኝ፣
የመስመሩ አለቃ አንድ ነገር አለኝ፦
«ቀዩን አስቀሪና ነጩን ጣይው።»
ይኸው ነው ትምህርቱ፣ ሌላ ምዕራፍ የለው።

ብሩክስ፣ አልበርታ።
ሜዳው እንደ ሰሌን ዳር እስከ ዳር ተነጥፎ፣
የበረቱ ሽታ ነፋሱን አልፎ፣
ከሰው ቀድሞ ቤት የሚገባበት አገር፤
ስድስት ዓመት ቆምኩ፣ ከሚዞረው ሰንሰለት ሥር፣
ቀኑም እንደ ከብቱ በመንጠቆ ሲሳብ፣
እኔ ከሽንጥ ጋራ ስተሳሰብ።

ነጩን አውቀዋለሁ።
ከጭቅናው ሥር ያለውን፣ እንደ ሻሽ የሳሳውን፣
ከጀርባ ላይ የሚላጠውን፣ ብር መሳዩን፣
ማጅራት ውስጥ ያለውን፣ ቢጫ፣ እልኸኛውን፣
ሦስት ጊዜ ቢላዋ ያሳለኝን።
ስሙን ባላጠናም እጄ ለይቶታል፤
ከገበታው እስከ በርሜል ዓይን ሳይሻ ወርውሮታል።

አሁን ሰባት ወሬ።
ካልሲ ለማጥለቅ ሸንጎ እሰበስባለሁ።
ከአልጋ ስነሣ፣ በጎኔ ተንከባልዬ፣ ጉልበቴን ገጥሜ፣
ከሽንጤ ዝቅ ብሎ፣ እንደ አሮጌ በር፣ አንድ ነገር
ሲጥ ይላል። ቆም ይላል። ደግሞ ሲጥ።
ሽንጥ።
ለላሟም ለሴቷም ቃሉ አንድ መሆኑ
ዛሬ ገና ገባኝ፣ ሌሊት በሰመመኑ።

እናቴ ስትቆጣ «አንቺ ወገቤን የቆረጥሽ!» ትለኝ ነበር።
ስድብ መስሎኝ አደግሁ።
የሐኪም ቃል ኖሯል።

ጆዲ፣ የወገብ ሐኪሟ፣ ፊቷ ጠቃጠቆ፣
የፕላስቲክ ዳሌ አንሥታ በእጇ ገጣጠመች፤
«እዚህ ጋ ነው» አለች፣ «ይኸው ስፌቱ፤
አጥንትሽ ደኅና ነው፣ የላላው ጅማቱ።
ሪላክሲን የሚባል መልእክተኛ በደምሽ ይዞራል፤
ማሰሪያ ባየበት ‹ትንሽ ፈታ በል› ይላል።
ሆድሽ ወደ ፊት ሲሄድ ወገብሽ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣
እንዳትወድቂ ነው።»
ከዚያ ጥቂት ዝም አለችና፣
«ተበላሽቶ አይደለም። ሥራ ላይ ነው።»

ሳቅሁ። ምን እንዳሳቀኝ አልነገርኳትም፤
ስድስት ዓመት በርሜል የሞላሁበትን በእንግሊዝኛ አልችለውም።
ነጩ።
ለካ እኔንም አቁሞኝ የኖረው እሱ ነው፣
ቀዩን ከአጥንት፣ አጥንትን ከአጥንት፣ እኔን ከእኔ ያሰረው።

በኛ ቋንቋ ሰው ቁርጥ ሲመጣ ይታጠቃል፤
ለሥራም፣ ለጠብም፣ ለለቅሶም ወገቡን ያጠብቃል።
ታጠቂ ስባል ነው ያደግሁት፣ ጠበቅ በይ፣ ጠንክሪ፤
አሁን ግን ከውስጤ አንድ ድምፅ «ፍቺ» ይላል፣ «አትፍሪ»።
ሌላው ታጥቆ ይዘምታል፤
እኔ እየተፈታሁ።

ማሪቴስ፣ ከጎኔ የምትቆመው፣ የሦስት ልጆች እናት፣
ማሰሪያው የተፈታ ቦት ጫማዬን አይታ በሳቅ ሞተች፤
«በመጀመሪያው ልጄ እግሬ በግማሽ ቁጥር ሰፋ፤
ልጁ አድጎ ቫንኩቨር ገባ፣ ግማሹ ቁጥር መች ጠፋ!»

ማታ ማታ ዳምጠው ቀበቶውን ከኋላዬ ያስርልኛል፤
ክርርር ይላል ማጣበቂያው፤ «ጠበቀ?» ይለኛል።
«ተወው» እላለሁ፣ «ላላ አድርገው።
እሱ ያውቃል ሥራውን።»

ዓርብ ዕለት የሐኪሟን ወረቀት አለቃው ሁለቴ አነበበው።
ከሰኞ ጀምሮ በርጩማ ላይ ሆኜ ሣጥን ላይ ወረቀት መለጠፍ።
በቦታዬ ኛኩማ መጣች፣ ሃያ ዓመቷ፣ መለሎ፣
ጓንቱ ሰፍቷት፣ ቢላዋውን እንደ ብዕር ይዛ።
አለቃው ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ከማሽኑ በላይ አድርጎ፣
«ቀዩን አስቀሪ» አላት፣ «ነጩን ጣይው።»
ከሩቅ ሰማሁ።
ምንም አላልኩ።
እጄ ግን፣ ሳልነግረው፣
ወደ ኋላ ዞሮ ወገቤን ያዘው።